የመማሪያ ጽሑፍም ዕድሜ አለው፦ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኮችን በኢንተርኔት ለሚማሩ

ባለፈው የትምህርት ዘመን አንድ የፊዚክስ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ለመመረቂያ ሥራው የፔንዱለምን እንቅስቃሴ በድረ ገጽ ላይ የሚያሳይ አነስተኛ ፕሮግራም ለማዘጋጀት አስቦ ነበር። ለዚህም ሪአክት የተባለውን ፍሬምወርክ እንዲማር የመከርኩት እኔ ነበርኩ፤ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ አንድ ተከታታይ ትምህርት የጠቆምኩትም እኔው ነኝ። «ዶክተር፣ ያሉኝን ትምህርት አንድም መስመር ሳልዘል ተከትያለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ እንኳ አልከፈት አለኝ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ምናልባት እኔ ለፕሮግራም ሥራ አልሆንም ይሆናል» አለኝ።

በስክሪኑ ላይ የነበረው የስሕተት መልእክት «ሪአክትዶም ሬንደር» የተባለው ፈንክሽን አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። ትምህርቱ የተዘጋጀበትን ቀን ስንመለከት እ.ኤ.አ. 2018 ሆኖ አገኘነው። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው ሪአክት ቨርዥን 16 ሲሆን፣ በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ግን ቨርዥን 19 ነበር። ትምህርቱ በመጀመሪያው ገጽ የሚጠቀምበት ፈንክሽን በቨርዥን 18 በሌላ ተተክቶ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በወጣው ቨርዥን 19 ጨርሶ ተወግዷል። ተማሪው የጻፈው ሁሉ ትምህርቱ እንዳዘዘው ትክክል ነበር። ስሕተቱ የትምህርቱን ዕድሜ ሳልመረምር የጠቆምኩት የእኔ ነበር።

ይህ ገጠመኝ የአንድ ተማሪ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ ተረድቻለሁ። ብዙ ወጣቶች በራሳቸው ጥረት ለመማር ተነሥተው፣ ጊዜያቸውንና ለኢንተርኔት የሚከፍሉትን ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ፣ የመማሪያውን እርጅና እንደ ራሳቸው ድክመት ቆጥረው ይተዉታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፍሬምወርክ ምን እንደሚሠራ፣ ስለ እርሱ የተዘጋጁ ትምህርቶች ለምን ቶሎ እንደሚያረጁ፣ እንዲሁም አንድ ተማሪ የሚስማማውን ትምህርት እንዴት መርጦ ሊጠቀምበት እንደሚችል እንመለከታለን።

ፍሬምወርክ ምን ይሠራል?

ጃቫስክሪፕት ብሬንዳን አይክ የተባለው ባለሙያ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሥር ቀናት ውስጥ የመጀመሪያ ቅርጹን ያስያዘው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በስም ቢቀራረቡም ጃቫ ከተባለው ቋንቋ ጋር አንድ አይደለም። ዛሬ በሁሉም የታወቁ ብራውዘሮች ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ አንድ ድረ ገጽ ከተነባቢ ወረቀትነት አልፎ ለተጠቃሚው መልስ የሚሰጥ መሣሪያ እንዲሆን ያስቻለው እርሱ ነው።

የተማሪያችንን ፔንዱለም እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በገጹ ላይ የክሩን ርዝመት የሚለውጥ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ፣ ርዝመቱን በሜትር የሚያሳይ ቁጥር፣ የፔንዱለሙ ሥዕል፣ እንዲሁም የአንድ ምልልስ ጊዜ አለ እንበል። መቆጣጠሪያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቁጥሩም፣ ሥዕሉም፣ ጊዜውም አብረው መለወጥ አለባቸው። ፍሬምወርክ ሳይኖር ሥራውን የምንሠራ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለውጥ የገጹን ክፍሎች አንድ በአንድ እየፈለግን በራሳችን ትእዛዝ እናስተካክላለን። ሦስት ክፍሎች ሲሆኑ ይህ ቀላል ነው። ሠላሳ ሲሆኑ ግን አንዱን መርሳት አይቀርም፤ ያን ጊዜ ገጹ በአንድ በኩል ክሩ 1 ሜትር ነው እያለ በሌላ በኩል የ2 ሜትር ክር ይሥላል።

ፍሬምወርክ ይህንን ችግር የሚፈታው ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ ባልሆነ ሐሳብ ነው። የክሩ ርዝመትና የስበቱ መጠን የታወቀ ፔንዱለም ወደፊት እንዴት እንደሚወዛወዝ ለማወቅ፣ በዚህ ቅጽበት ያለውን ማዕዘንና ፍጥነቱን ከነአቅጣጫው ማወቅ ይበቃናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የፔንዱለሙን ሁኔታ ይገልጻሉ፤ ቀሪው ሁሉ ከእነርሱ ይሰላል። በፍሬምወርኮችም ቋንቋ «ስቴት» የሚባለው ይኸው ሁኔታ ነው። ፕሮግራመሩ ስቴቱ እንዲህ ሲሆን ገጹ እንዲህ ይምሰል ብሎ አንድ ጊዜ ይደነግጋል፤ ስቴቱ ሲለወጥ ገጹን ከአዲሱ ስቴት ጋር ማስማማት የፍሬምወርኩ ሥራ ይሆናል። በአጭሩ፣ ገጹ የስቴቱ ፈንክሽን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ ማንሣት ይገባል። በምሳሌያችን የክሩ ርዝመት ስቴት ነው፤ የአንድ ምልልስ ጊዜ ግን ከርዝመቱ የሚሰላ ስለሆነ ራሱን የቻለ ስቴት ሊሆን አይገባውም። ሁለቱንም ለየብቻ ካስቀመጥናቸው አንዱ ተለውጦ ሌላው ሳይለወጥ የሚቀርበት አጋጣሚ ይፈጠራል፤ ፍሬምወርክ የተፈለገበትን ምክንያት በራሳችን እጅ እናፈርሳለን። አንድ ትምህርት ጥሩ መሆኑን ከምለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህንን ልዩነት በግልጽ ማስረዳቱ ነው።

ዛሬ በስፋት ከሚታወቁት መካከል በፌስቡክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ይፋ የሆነው ሪአክት፣ ኤቫን ዩ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቪው፣ የጎግል ሥራ የሆነው አንጉላር፣ እንዲሁም ሪች ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበው ስቬልት ይገኛሉ። የሪአክት አዘጋጆች ሥራቸውን ላይብረሪ ብለው ቢጠሩትም በተለምዶ ከፍሬምወርኮች ጋር ይቆጠራል። አሠራራቸው ቢለያይም ከላይ የተገለጸውን መሠረታዊ ሐሳብ ይጋራሉ፤ ስለዚህም አንዱን በሚገባ ያወቀ ሰው ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ትምህርቶቹ ለምን ያረጃሉ?

ከሃምሳ ዓመት በፊት የታተመ የሜካኒክስ መጽሐፍ ዛሬም ተማሪን ያስተምራል። የፔንዱለም ሕግ አልተለወጠምና። ነገር ግን ያንኑ ሕግ በኮምፒዩተር የምናሳይባቸው መሣሪያዎች እንዲህ አይደሉም። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ፌት የተባለው ፕሮጀክት ብዙዎቻችን ለማስተማር የምንገለገልባቸውን የፊዚክስ ሲሙሌሽኖች አዘጋጅቷል። እነዚህ ሲሙሌሽኖች መጀመሪያ በጃቫና በፍላሽ የተሠሩ ነበሩ። ብራውዘሮች የጃቫ አፕሌቶችን መቀበል ተዉ፤ አዶቤ ኩባንያም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። በዚህም ምክንያት ፕሮጀክቱ ብዙዎቹን ሲሙሌሽኖች በኤችቲኤምኤል 5 እና በጃቫስክሪፕት እንደገና መጻፍ ነበረበት። ፊዚክሱ ያው ነው፤ መሣሪያው ግን አርጅቷል።

በፍሬምወርኮች ዘንድ ይህ እርጅና ይበልጥ ይፈጥናል። ለምሳሌ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 አንጉላር ጄኤስ የተባለውን ፍሬምወርክ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እንደ አዲስ ተጽፎ አንጉላር በሚል ስም ቀረበ። ሁለቱ በስም እንጂ በአጻጻፍ አይመሳሰሉም፤ የፊተኛው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ አብቅቷል። ሆኖም ስለ ፊተኛው የተጻፉት በርካታ ትምህርቶች ዛሬም በኢንተርኔት ላይ አሉ፤ አንጉላር ብሎ የሚፈልግ ተማሪም ሁለቱን ተቀላቅለው ያገኛቸዋል። የቪው ሁለተኛ ቨርዥንም ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተቋርጧል። በሪአክት ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በወጣው ቨርዥን 16.8 «ሁክስ» የተባሉት ፈንክሽኖች ስለገቡ፣ ከዚያ በፊት የተለመደው አጻጻፍ በአዳዲስ ሥራዎች ላይ እየቀረ ሄዷል። ለብዙ ዓመታት የጀማሪ ትምህርቶች መክፈቻ የነበረው «ክሪኤት ሪአክት አፕ» የተባለው መሣሪያም ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 አስታውቀዋል።

በአንጻሩ ጃቫስክሪፕት ራሱ የተለየ ጠባይ አለው። ቋንቋው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኢክማ አማካይነት ደረጃ ወጥቶለት የሚመራ ሲሆን፣ አዳዲስ ነገሮች ሲጨመሩበት አሮጌውን ላለማፍረስ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቋንቋው አሮጌውን ቢተው ቁጥር ስፍር የሌላቸው ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ። ፍሬምወርክ ግን በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ቨርዥኑ ተመርጦ የሚጫን ስለሆነ አዘጋጆቹ በአዲሱ ቨርዥን አሮጌውን መተው ይችላሉ። ለቋንቋው የዋለ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ የአንድን ፍሬምወርክ ትእዛዞች በቃል ለመያዝ የዋለ ጊዜ ግን ከቨርዥኑ ጋር ያልፋል። ተማሪ ጉልበቱን የት ማዋል እንዳለበት የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

የፍሬምወርኮች ቨርዥን ብዙውን ጊዜ በነጥብ በተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ ለምሳሌ 18.2.0። ቁጥሮቹ እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም። የመጨረሻው ቁጥር ሲጨምር ስሕተት ታርሟል ማለት ነው። የመካከለኛው ሲጨምር አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ የቀድሞው ግን እንደነበረ ይሠራል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲለወጥ ግን ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር ላይሠራ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ በ18.0 የተዘጋጀን ትምህርት በ18.2 መከታተል አያስፈራም። በ16 የተዘጋጀውን በ19 መከታተል ግን ተማሪያችን የወደቀበት ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱን የሚያሰፋው ሌላም ምክንያት አለ። ኤንፒኤም የተባለው የላይብረሪ መጫኛ የተለየ ቨርዥን ካልተነገረው በስተቀር በተለምዶ የቅርብ ጊዜውን ቨርዥን ያመጣል። ትምህርቱ ባለበት ቆሞ ሳለ የሚጫነው ነገር ወደፊት ይሄዳል። በኮምፒዩተራችን ላይ የትኛው እንደተጫነ ለማወቅ በሥራው ማኅደር ውስጥ «ፓኬጅ ጄሰን» የተባለውን ፋይል ከፍተን ከፍሬምወርኩ ስም ጎን የተጻፈውን ቁጥር መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ከትምህርቱ ጋር ካልተስማማ ሁለት አማራጮች አሉ፤ ትምህርቱ የሚጠቀምበትን ቨርዥን ለይቶ መጫን፣ ወይም ለአዲሱ ቨርዥን የተዘጋጀ ትምህርት መፈለግ። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ተማሪያችን ለሁለት ሳምንት ያደረገው ነው፤ ይኸውም የተለያየ ዕድሜ ካላቸው ገጾች መፍትሔ እየቀዱ አንድ ላይ መስፋት።

ከመጀመር በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድን ትምህርት ለመከታተል ከመወሰናችን በፊት ግማሽ ሰዓት ወስደን የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ብንመልስ ሳምንታትን እናተርፋለን።

1. ትምህርቱ የትኛውን ቨርዥን ይጠቀማል? ይህ በመጀመሪያው ገጽ ሊገለጽ ይገባል። ካልተገለጸ ትምህርቱ የታተመበትን ቀን ከፍሬምወርኩ የቨርዥኖች ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በርእሱ ላይ የቅርብ ዓመት መጻፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ርእስ ሲታደስ ይዘቱ ሳይታደስ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

2. ምን ዓይነት ቅድመ ዕውቀት ይጠይቃል? ጃቫስክሪፕትን ሳያውቁ ፍሬምወርክ መማር ይቻላል የሚል ትምህርት ቢያንስ ጥርጣሬ ይገባዋል።

3. ለምን የሚለውን ይመልሳል? ይህን ጻፍ፣ ያን ጻፍ ብቻ የሚል ትምህርት እንደ ወጥ አሠራር መመሪያ ነው፤ ቅመሙ ሲለወጥ ተማሪው ግራ ይጋባል። ምክንያቱን የሚያስረዳ ትምህርት ግን ካረጀም በኋላ አንዳች ነገር ያተርፋል።

4. መልሱ ያልተሰጠ መልመጃ አለው? መልመጃ የሌለው ትምህርት ላብራቶሪ እንደሌለው ኮርስ ነው።

5. ሲያልቅ ምን መሥራት እችላለሁ? ትምህርቱ የተሟላ አንድ ሥራ ላይ የሚያደርስ መሆኑን ከይዘቱ ዝርዝር ማየት ይቻላል።

ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ ቋንቋው ነው። ለዚህ ሞዚላ የሚያስተባብረው ኤምዲኤን የተባለው ድረ ገጽ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ነው። በየጊዜው ይታረማል፤ እያንዳንዱ የቋንቋው ክፍል በየትኞቹ ብራውዘሮች እንደሚሠራም ያሳያል። አብዛኛው ጽሑፍ በመሆኑም ከቪዲዮ ትምህርት ይልቅ የኢንተርኔት ፍጆታው አነስተኛ ነው። ወደ ፍሬምወርክ ከመሻገር በፊት ተማሪው ፈንክሽኖችን፣ አሬይና ኦብጀክት የሚባሉትን የመረጃ አያያዞች፣ አንድን ፕሮግራም በፋይሎች መከፋፈልን፣ እንዲሁም ከሰርቨር የሚጠበቅ መረጃ እስኪመጣ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ቢያውቅ ይበቃዋል። በተለይም አሬይን በሙሉ ወስዶ ሌላ አዲስ አሬይ የሚያወጣውን «ማፕ» የተባለውን ፈንክሽን ያልተረዳ ሰው፣ በሪአክት የተጻፈ የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ መሰናከሉ አይቀርም።

ቀጥሎ የፍሬምወርኩ ይፋዊ ሰነድ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይፋዊ ሰነድ ለባለሙያ ብቻ የተጻፈ ይመስላቸዋል። ይህ እምነት ቀድሞ መሠረት ቢኖረውም ዛሬ ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ አዲስ የተጻፈው የሪአክት ሰነድ ከቀላል የሦስት በሦስት ጨዋታ አንሥቶ ያስተምራል፤ ቪውና ስቬልትም ምንም ነገር ሳይጫን በብራውዘር ውስጥ እየጻፉ የሚማሩባቸው ትምህርቶች አሏቸው። ይፋዊ ሰነድ ትልቁ ጥቅሙ ፍሬምወርኩ ሲለወጥ አብሮ እንዲታደስ ኃላፊነት ያለበት አካል መኖሩ ነው።

ረዘም ያለና መልመጃ የበዛበት ትምህርት ለሚፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ፍሪኮድካምፕ እና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ «ፉል ስታክ ኦፕን» በሚል ስም ያቀረበው ኮርስ በነፃ ይገኛሉ። የኋለኛው ሪአክትን ከሰርቨር ሥራ ጋር አያይዞ የሚያስተምር ሲሆን፣ ቀደም ያለ የፕሮግራም ልምድ ላለው ተማሪ ይስማማል። የቪዲዮ ትምህርቶች ባለሙያው እንዴት እያሰበ እንደሚጽፍ ለማየት ይጠቅማሉ። ችግራቸው መታረም አለመቻላቸው ነው፤ አንድ ፈንክሽን ሲወገድ በጽሑፍ ያለውን መስመር ማስተካከል ይቻላል፣ ቪዲዮውን ግን እንደገና መቅረጽ ያስፈልጋል።

በዚህ ዘመን ብዙዎች ጥያቄያቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች ያቀርባሉ። ማስረዳት ይችላሉ፤ ነገር ግን የተማሩት ከአሮጌውም ከአዲሱም ጽሑፍ ስለሆነ የሁለት ቨርዥኖችን አጻጻፍ ሊያቀላቅሉ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው የቨርዥኑን ቁጥር መናገር፣ መልሳቸውንም ከይፋዊው ሰነድ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

ገጹን ዘግቶ መሞከር

ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢመረጥ ተከትሎ መጻፍ ብቻውን ማወቅ አይደለም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የፈታውን ጥያቄ የቀዳ ተማሪ ደብተሩ ሙሉ ቢሆንም ፈተና ላይ ብቻውን ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ገጹን ዘግቶ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ የሚጠይቅ ነገር ግን በትምህርቱ ውስጥ የሌለ ሥራ መሥራት ያስፈልጋል።

ለፊዚክስ ተማሪዎች የፔንዱለሙን ገጽ አቀርባለሁ። አንድ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ የክሩን ርዝመት ይለውጥ፤ ገጹም የአንድ ምልልስ ጊዜን ያሳይ። ማዕዘኑ አነስተኛ ሲሆን ጊዜው ርዝመቱ ለስበት ሽምጠጣ ተካፍሎ፣ የድርሻው ዳግም ዘር በሁለት ፓይ ሲባዛ ይገኛል። ለስበቱ 9.8 ብንወስድ፣ 1 ሜትር ለሆነ ክር ገጹ 2.01 ሰከንድ ያህል ሊያሳይ ይገባል። ክሩ 4 ሜትር ሲሆን ጊዜው እጥፍ ሆኖ 4.01 ሰከንድ ይደርሳል፤ ርዝመቱ በአራት ሲባዛ ጊዜው በሁለት ብቻ ይባዛልና። ገጹ ሌላ ቁጥር ካሳየ ስሕተቱን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ክርና ጠጠር ያለው ደግሞ 1 ሜትር ክር ላይ ጠጠር አስሮ፣ አሥር ምልልስ በሰዓት ቆጥሮ 20 ሰከንድ ያህል መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። መልሱን በተፈጥሮ ሊያመሳክሩት የሚቻል መልመጃ ከማንኛውም የተዘጋጀ የመልስ ቁልፍ ይበልጣል።

ተማሪያችንም በመጨረሻ በዚሁ መንገድ ሄደ። አሮጌውን ማኅደር ትቶ፣ አሬይና ፈንክሽኖችን ለአንድ ሳምንት ከከለሰ በኋላ፣ የሪአክትን ይፋዊ ሰነድ ከመጀመሪያው ጀመረ። የፔንዱለሙ ገጽ የሠራለት ዕለት ሲያሳየኝ የመጀመሪያው ቁጥር ስሕተት ነበር፤ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ተቀብሎ በሜትር ማስላት ረስቶ ነበር። ያንን ስሕተት ግን ራሱ አገኘው፤ ገጹ 1 ሜትር ክር 20 ሰከንድ ይፈጃል ሲል እየሳቀ «ይህ ጠጠር ተኝቷል» አለ።

ማጠቃለያ

በኢንተርኔት ላይ የመማሪያ እጥረት የለም፤ እጥረቱ የመምረጫ መመዘኛ ነው። ፍሬምወርኮች ይለዋወጣሉ፤ ከዛሬዎቹም አንዳንዶቹ ነገ በሌሎች ይተካሉ። ቋንቋውን አስቀድሞ የያዘ፣ የቨርዥን ቁጥር ማንበብ የለመደና የተማረውን ገጹን ዘግቶ የሚፈትን ተማሪ ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፤ ለተማሪ ትምህርት ከመጠቆማችን በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዛሬ፣ በዛሬው ኮምፒዩተር ላይ፣ ራሳችን ሠርተን እንመልከት። እኔ ግማሽ ሰዓት ባለመውሰዴ አንድ ወጣት ሁለት ሳምንት ከፍሎበታል፤ ሥራውን ጨርሶ ሊተወውም ተቃርቦ ነበር።